384 ተማሪ ወይስ አንዲት ተማሪ?

ጥያቄው የመጣው ከመንዝ ነው። ጠያቂዋ የሁለተኛ ደረጃ መምህርት ናት። በክረምት መርሐ ግብር የሳይኮሎጂ ማስተርሷን እየተማረች ነው። እንዲህ ትላለች፦ «ጋሼ፣ አንዲት ተማሪዬን አንድ ሴሚስተር ሙሉ ተከታትዬ ስለ ስብዕናዋ ልጽፍ ነበር ያሰብኩት። አድቫይዘሬ ‹በአንድ ሰው ቴሲስ አይሠራም፣ ሳይንስም አይደለም፤ ለ384 ተማሪ መጠይቅ በትኚ› አለኝ። እኔ ግን የ384 ሰው አማካይ ስለዚህች ልጅ ምን እንደሚነግረኝ አልገባኝም። ማናችን ነን ትክክል?»

እህቴ፣ አድቫይዘርሽ ስለ 384 ልክ ነው፤ ስለ ሳይንስ ግን ተሳስቷል። አንቺም ስለ ልጅቷ ልክ ነሽ። «ልከታተላት» ከማለት አልፈሽ እንዴት እንደምትከታተያት ግን ገና አልነገርሽኝም። እኔን ያሳሰበኝ ይሄኛው ነው።

መጀመሪያ ስለ 384 ትንሽ ላውራ። እዚህ አገር በሚጻፍ ቴሲስ ውስጥ ይቺ ቁጥር ስንት ጊዜ እንደምትመጣ አንቺም ታውቂያለሽ። እኔ ደብረ ብርሃን ተቀምጬ የማነበው ሁሉ 384 ነው። አንዳንዴ ተማሪው ከየት እንዳመጣት ስጠይቀው «ከቀመሩ» ይለኛል፤ ቀመሩ ምን እንደሚጠይቅ ስለው ዝም። 95 ከመቶ እርግጠኝነት፣ 5 ከመቶ የስህተት ወሰን፣ ግማሽ በግማሽ የሚል ግምት አስገብተሽ ስታባዢና ስታካፍዪ 384.16 ይወጣል። በቃ። የተሠራችው «ከዚህ ሁሉ ሕዝብ ስንት ከመቶው እንዲህ ነው?» ለሚል ጥያቄ ነው። የወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት «ከተማሪዎቻችን ስንቱ በፈተና ጭንቀት ይሰቃያል? ስንት የምክር ባለሙያ እንቅጠር?» ካለ በደንብ የተመረጡ 384 ተማሪዎች ይበቁታል። በዚህ አልከራከርም። አንዲት ልጅ ሐሙስ ሐሙስ ለምን እንደምትኮሳተር ግን ቀመሩ አልተጠየቀም፤ ስለዚህም አይመልስም። ስለ ሐሙስ ኋላ እነግርሻለሁ።

ክርክሩ አዲስ አይደለም። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ያዢልኝ።) ቪልሄልም ቪንደልባንድ የተባለ ጀርመናዊ ፈላስፋ በ1894 ስትራስቡርግ ላይ ባደረገው ንግግር ዕውቀትን በሁለት ከፈለው። አንደኛው ለሁሉም የሚሠራ ሕግ ይፈልጋል፤ ኖሞቴቲክ አለው። ሌላኛው አንድ ጊዜ ብቻ የሆነውን፣ ያንን ራሱን ይፈልጋል፤ ኢዲዮግራፊክ አለው። ቃላቱን ወደ ስብዕና ጥናት ያመጣቸው አሜሪካዊው ጎርደን ኦልፖርት ነው፣ በ1937። ሰውን በአማካይ ብቻ ማየት ሰውየውን ራሱን ማጣት ነው ብሎ ተሟገተ። የሚያስቀው ነገር ይኸው ኦልፖርት ከአንድ ዓመት በፊት ከባልደረባው ጋር የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ዘርግቶ ሰውን የሚገልጹ ወደ 18 ሺህ ቃላት መልቀሙ ነው። ያ ዝርዝር ሌሎች ሰዎች እጅ ገባና ዛሬ ቢግ ፋይቭ ለምንለው የአምስት ባህርያት መለኪያ አንዱ መነሻ ሆነ። የግለሰብ ጠበቃው ለቡድን ስታትስቲክስ እርሾውን ያቀበለ ሰው ነው።

ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። ብዙ ሰው፣ ከሙያው ውስጥ ያለውም ጭምር፣ የቡድን ውጤት ለግለሰብ «በግምት» ይሠራል ብሎ ያስባል። ትንሽ ይዛነፍ ይሆናል እንጂ አቅጣጫው አይለወጥም ይላል። እንዲያ አይደለም። አቅጣጫው ራሱ ሊገለበጥ ይችላል።

ደብረ ሲና ላይ አውቶብስ ሲቆም አይተሻል። በሩ ሳይከፈት ቆሎ ሻጮቹ መስኮቱ ሥር ናቸው። እንበልና አንድ ተመራማሪ መቶ ሻጮችን ለአንድ ቀን ተከታተለ። ማን ስንት ጊዜ ወደ መኪና እንደሮጠ፣ ማን የስንት ብር እንደሸጠ መዘገበ። ብዙ የሮጡት ብዙ ሸጠው ተገኙ። ውጤቱ፦ መሮጥ ገበያ ያመጣል። አሁን ደግሞ አንዷን ሻጭ ብቻ ያዢና ሦስት ወር በየቀኑ ቁጠሪ። አብዝታ የምትሮጠው መቼ ነው? ገበያ የቀዘቀዘ ዕለት። መኪና ሲጠፋ ለመጣችው አንዲት አውቶብስ ሁሉም ይሻማል። በዓል ሲቃረብ መኪናው ተሰልፎ ሲቆም ግን ቆማ ነው የምትሸጠው፤ ተሳፋሪው ራሱ ወርዶ ይመጣል። እሷን ብቻዋን ስታዪያት የምትሮጥባቸው ቀናት ትንሽ የምትሸጥባቸው ቀናት ናቸው። የመቶዎቹ ውጤት ውሸት አልነበረም። የሷም ውሸት አይደለም። የተለያየ ጥያቄ ነው የመለሱት። አንዱ «ከሻጭ ሻጭ በምን ይለያል?» ይላል፤ ሌላው «ይህች ሻጭ ከቀን ቀን ምን ይለውጣታል?» ይላል።

የቆሎው ምሳሌ የእኔ ፈጠራ ነው። በሙያው ደጋግሞ የሚነሳው የታይፕ ጸሐፊ ነው። ጸሐፊዎችን እርስ በርስ ስታወዳድሪ ፈጣኖቹ ስህተታቸው ያንሳል፤ ምክንያቱም የበቁት እነሱ ናቸው። አንዷን ጸሐፊ «ፍጠኚ» ብትያት ግን ስህተቷ ይበዛል። «ፈጣኖች አይሳሳቱም፣ ስለዚህ ፍጠኚ» ብሎ የሚመክር አለቃ አስቢ። የምክር አገልግሎት ውስጥ በየቀኑ እንዲህ ዓይነት ምክር እንሰጣለን።

ፒተር ሞሌናር የተባለ ሆላንዳዊ ተመራማሪ በ2004 ይህን በሒሳብ ቋንቋ አስቀመጠው። ከፊዚክስ ሰዎች ኤርጎዲክ የሚል ቃል ተበደረ። ነገሩ ሲቀል እንዲህ ነው። የቡድን ውጤት ለአንድ ሰው እንዲሠራ ሁለት ነገር መሟላት አለበት፦ ሰዎቹ ሁሉ በአንድ ዓይነት ሕግ የሚንቀሳቀሱ መሆን አለባቸው፤ ያ ሕግ ደግሞ በጊዜ ሂደት መለወጥ የለበትም። ጋዝ ውስጥ ላለ ሞለኪውል ያስኬድ ይሆናል። እያደገች፣ እየተማረች፣ ቤት እየቀየረች ላለች የ17 ዓመት ልጅ ግን እንጃ። አሮን ፊሸርና ባልደረቦቹ በ2018 ይህንኑ በመረጃ ፈተሹት። ብዙ ጊዜ የተለኩ ሰዎችን አንዴ በቡድን፣ አንዴ በግለሰብ አሰሉ። አማካዩ ብዙም አልተራራቀም። በግለሰቦቹ በኩል ያለው መበታተን ግን ከቡድኑ በብዙ የሰፋ ሆነ። ለአድቫይዘርሽ ከምታሳዪው ወረቀት አንዱ ይህ ይሁን።

አሁን ሐሙስ። ታሪኩ ከተፈጸመ ቆይቷል። ልጅቷ ዛሬ ትልቅ ሰው ናት፣ እንድጽፈውም ፈቅዳልኛለች። ማንነቷን የሚጠቁመውን ነገር ቀያይሬዋለሁ።

ከገጠር መጥታ ከተማ ውስጥ ከሁለት ልጆች ጋር ቤት ተከራይታ የምትማር ልጅ ነበረች። መምህራኖቿ ወደ እኔ የላኳት «ጠባይዋ አይያዝም» ብለው ነው። አንድ ቀን ስትስቅ ትውላለች፤ ሌላ ቀን ቢያናግሯትም አትመልስም። መጠይቅ አስሞላኋት። በስሜት አለመረጋጋት ነጥቧ መሐል ላይ ወደቀ፤ እንደ ማንኛውም ልጅ። በመጠይቁ ቢሆን ኖሮ «ምንም የለባትም» ብዬ እመልሳት ነበር። ደብተር ሰጠኋትና ማታ ማታ ከመተኛቷ በፊት «ዛሬ ምን ያህል ከፍቶኛል?» ለሚለው ከ0 እስከ 10 አንድ ቁጥር እንድትጽፍ ነገርኳት። ከጎኑም አንድ መስመር፣ የፈለገችውን።

ከሳምንቶቹ አንዱ ይህን ይመስል ነበር። ሰኞ 2፣ ማክሰኞ 2፣ ረቡዕ 5፣ ሐሙስ 8፣ ዓርብ 7፣ ቅዳሜ 1፣ እሑድ 3። ደምሪና ለሰባት አካፍዪው፤ 4 ነው። መሐል ላይ ያለ፣ ጤነኛ የሚመስል 4። አራት የተጻፈበት ግን አንድም ቀን የለም።

ረቡዕ ሲጀምርና ዓርብም ከፍ ሲል እኔ ቶሎ አወቅሁ አልኩ። ጾም ነው አልኩ። ልጅቷ ጿሚ ናት፣ ስትጾም ትደክማለች፣ አለቀ። ግን ከሁሉም የሚብሰው ሐሙስ ነው፤ ሐሙስ ደግሞ አይጾምም። ቀጥዬ የትምህርት ፕሮግራሟን አየሁ። ሐሙስ ሒሳብ ሁለት ክፍለ ጊዜ አላት። «የሒሳብ ፍርሃት» ብዬ ማስታወሻዬ ላይ ጻፍኩ፤ ከሥሩም አሰመርኩበት። ደስ ብሎኝ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት የሒሳብ መምህሩ ታሞ ቀረ። ሐሙስ እንደገና 8።

በአምስተኛው ሳምንት ሐሙስ ላይ 2 ተጽፎ አገኘሁ። ከጎኑ ያለው መስመር «ማክሰኞ አጎቴ መጥቶ ነበር» ይላል። አጎትሽ ምን አመጣ ስላት መሬት መሬት አየች። ስንቅ ነበር ያመጣው። ልጅቷ ቅዳሜ አገር ቤት ሄዳ የምታመጣው ድርቆሽና ሽሮ ረቡዕ ላይ ያልቃል። ከረቡዕ ማታ ጀምሮ ከጓደኞቿ ነው የምትበላው። ከእነሱ ገበታ እየቀመሰች ከእነሱ ጋር መሳቅ ከበዳት። «እንዴት ብዬ እስቃለሁ?» ነው ያለችኝ። አለመሳቋን ጓደኞቿ ኩራት አሉት፣ መምህራኑ ጠባይ አሉት፣ እኔ ጾም አልኩት፣ ቀጥዬ ሒሳብ አልኩት። ይሉኝታ ነበር፤ እሱም ቀን ቆጥሮ የሚመጣ ይሉኝታ።

ዋልተር ሚሼልና ዩዊቺ ሾዳ የተባሉ የስብዕና ተመራማሪዎች የደረሱበትም ከዚህ አይርቅም። በአሜሪካ ለስድስት ሳምንት በተካሄደ የልጆች የዕረፍት ጊዜ ካምፕ ከባልደረቦቻቸው ጋር እያንዳንዱን ልጅ በአማካይ ከ150 ሰዓት በላይ ተመለከቱ። በ1994 ያወጡት ጥናት ነው። «ይህ ልጅ ምን ያህል ተደባዳቢ ነው?» ብለው ብቻ አልቆጠሩም። «መቼ ነው የሚደባደበው?» ብለው ለያዩት፦ እኩያው ሲያበሽቀው፣ እኩያው በደግ ሲቀርበው፣ አዋቂ ሲያመሰግነው፣ ሲያስጠነቅቀው፣ ሲቀጣው። በጠቅላላ ድምሩ እኩል የሆኑ ሁለት ልጆች አሉ። አንዱ የሚገነፍለው አዋቂ ሲቆጣው ነው፤ ሌላው እኩያ ሲያሾፍበት። ይህ «እንዲህ ሲሆን እንዲህ ያደርጋል» የሚለው ቅርጽ ለብዙዎቹ ልጆች ጊዜ አልፎም የሚደጋገም ነበር። ስብዕናው ያ ቅርጽ ነው ብለው ተከራከሩ። እኔም እስማማለሁ፤ ደብተሩ ካስተማረኝ በኋላ በተለይ።

ግን ከታሪኩ ውስጥ አንድ ነገር እንዳታልፊ። ሁለቴ ተሳስቻለሁ። ልጅቷን አውቃታለሁ ብዬ፣ አጠገቧ ተቀምጬ፣ ሁለቴ። ያረመኝ ቁጥሩ ነው። ፖል ሚል የተባለ አሜሪካዊ ሳይኮሎጂስት በ1954 የባለሙያን ግምትና ደረቅ የስታትስቲክስ ስሌትን ያወዳደሩ ጥናቶችን ሰብስቦ አየ። ስሌቱ በአብዛኛው ወይ እኩል ወይ የተሻለ ሆኖ ተገኘ። ከዚያ በኋላ የመጡትም ጥናቶች አልገለበጡትም። እኛ የምክር ሰዎች ይህን መስማት አንወድም። ስለዚህ «አንድን ሰው ላጥና» ማለት «በዓይኔ አይቼ በልቤ ልፍረድ» ማለት ከሆነ ከአድቫይዘርሽ ጋር ነኝ፤ ተዪው። አንድን ሰው ማጥናት ከ384 መጠይቅ የበለጠ መቁጠር ይጠይቃል። ኦልፖርትም ቢሆን ገብቶት ነበር። ጄኒ በሚል ስም ያወጣቸው የአንዲት እናት 301 ደብዳቤዎች አሉ። እነሱን 36 ሰዎች አንብበው ጠባይዋን በቃላት ዘረዘሩ። ሌሎች ተመራማሪዎች ደግሞ ያንኑ ደብዳቤ የትኛው ቃል ከየትኛው ጋር አብሮ እንደሚመጣ በስሌት ፈተሹ። አንዲት ሴት ናት፤ ቁጥሩ ግን ሞልቷል።

ስለ መጠይቅ ካነሳን፣ የተረጎምሽውን ነገር ሰው ላይ ሳትሞክሪ እንዳትበትኚ። ታዋቂ ከሆነ የስብዕና መለኪያ ውስጥ አንድ ጥያቄ አለ፤ በስብስብ ላይ ጨዋታ የሚያደምቅ ሰው ነኝ ለማለት ነው የተጻፈው። አንድ ተማሪዬ «የፓርቲው ሕይወት ነኝ» ብሎ ቃል በቃል ገለበጠውና በተነው። የሞሉት ልጆች የትኛው ፓርቲ እንደሆነ ይጠይቁት ጀመር። ግማሾቹ ጭራሽ ባዶ ተዉት። ያን ባዶ ቦታ ኮምፒውተሩ በአማካይ ሞላለት፤ እሱም ደስ ብሎት ተመረቀ። አገራችን ላይ ዝም ማለት ራሱ ብዙ ዓይነት ነው። ትልቅ ሰው ፊት ዝም ያለች ልጅ «ጨዋ ልጅ» ናት፤ መጠይቁ ግን ዝምታዋን ሰው መሸሽ ብሎ ይቆጥረዋል።

አሁን ስለ አንቺ ቴሲስ። አንዲት ልጅ ብቻ አትያዢ፤ አራት ያዢ። ያቺን ያሰብሻትን ጨምሪ። እያንዳንዷን 60 ቀን፣ ጠዋትና ማታ፣ ከአምስት የማይበልጡ አጫጭር ጥያቄዎች። የት ነበርሽ፣ ከማን ጋር፣ ምን ተሰማሽ። ስልክ ላይ የሚሞላ ነገር አለ፤ ግን የመሐል ሜዳን ኔትወርክ ከእኔ በላይ አንቺ ታውቂዋለሽ። ባለ 50 ሉክ ደብተር ይበቃል። ያንዷን ካንዷ ሳትቀላቅዪ ለየብቻ አስዪ። የየራሷን ቅርጽ ካገኘሽ በኋላ ብቻ ጎን ለጎን አስቀምጪያቸው፤ የሚመሳሰለውም የሚለየውም ያኔ ይታይሻል። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው የሚባለው ለአንድ ቤት ልጆች ነው፤ አንድ ክፍል ውስጥ ላሉትማ የባሰ ነው። የቢግ ፋይቩን መጠይቅም አንድ ጊዜ አስሞያቸው፤ መጠይቁ ያለውና ደብተሩ ያለው የት እንደሚገናኝ፣ የት እንደማይገናኝ ራሱን የቻለ አንድ ምዕራፍ ይሆንልሻል።

ልጆቹ ቢሰለቹ ለማስገደድ አትሞክሪ። የተዘለለ ቀን ይኖራል። የተዘለለውን እንደተዘለለ ተዪው፤ ማታ ሦስት ቀን አንድ ላይ የተሞላ ደብተር በቀለሙ ያስታውቃል።

ከዚህ ሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ከ384 ሰው መሐል አንድ ሰው ይደበቃል። ከአራት መሐል አይደበቅም። አንቺ ያለሽው ሁሉም የእገሌ ልጅ፣ የእገሊት እህት ተባብሎ የሚተዋወቅበት ከተማ ነው። «ተማሪ ሀ፣ አባቷ በጠና የታመመ፣ የቤቱ ትልቅ ልጅ» ብለሽ ብትጽፊ ስሟን ከመጻፍ በምን ይለያል? ቴሲሱ ላይብረሪ ይቀመጣል፤ የሥራ ባልደረቦችሽ ያነቡታል። ስለዚህ ፈቃዱን ከወላጅ ብቻ ሳይሆን ከልጅቷም ጠይቂ፣ በማንኛውም ቀን ማቋረጥ እንደምትችል ንገሪያት፣ የጻፍሽውንም ከማስረከብሽ በፊት ራሷ ታንብበው። ይህን አውጪ ካለችሽ አውጪው። በዚህ ምክንያት ጥሩ ምዕራፍ ያጣሁበት ጊዜ አለ፤ አልቆጨኝም። ሌላው ደግሞ አንቺ መምህሯ ነሽ። ማርክ የምትሰጣት ሰው «ፈቃደኛ ነሽ?» ስትላት እምቢ ማለት ይከብዳታል። ቢቻል የማታስተምሪያቸውን ክፍል ልጆች ውሰጂ። ያቺ ልጅ ያንቺ ተማሪ ከሆነች ጥያቄውን ሌላ ሰው ያቅርብላት።

አድቫይዘርሽ ዘንድ ስትመለሺ «አንድን ሰው ማጥናት ሳይንስ ነው» ብለሽ ክርክር አትክፈቺ፤ አይጠቅምሽም። ክላይድ ክሉክሆንና ሄንሪ መሪ የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች በ1948 የጻፉትን አንሺለት፦ ማንም ሰው በአንዳንድ ነገር እንደ ሁሉም ሰው ነው፣ በአንዳንዱ እንደ ጥቂቶች ነው፣ በአንዳንዱ እንደ ማንም አይደለም። «384 ሁለተኛውን ይመልሳል፤ እኔ የፈለግሁት ሦስተኛውን ነው» በዪው። የናሙና መጠን የሚለው ርዕስ ሥርም «አራት ተማሪዎች፣ በቀን ሁለት ምዝገባ፣ ለ60 ቀናት» ብለሽ ጻፊ። ሲባዛ 480 ይመጣል፤ ከ384 ይበልጣል። ይህን ግን በሩን ለማስከፈት ያህል ብቻ ተጠቀሚበት። የዛሬ ቁጥር የትናንቱን ተከትሎ ስለሚመጣ 480 ምዝገባ 480 የተለያየ ሰው ማለት አይደለም። አድቫይዘርሽ ይህን አንስቶ ቢይዝሽ ደስ ይበልሽ፤ ስለ ጊዜና ስለ አንድ ሰው ማውራት ጀምሯል ማለት ነው።